የጡረታ ቁጠባን ወደ ወር ገቢ መቀየር፦ ለጎንደር ነዋሪ የአሠራር መመሪያ

የፕሮቪደንት ፈንድ፣ የስንብት ክፍያ ወይም ለዓመታት የተጠራቀመ ቁጠባ በአንድ ቀን እጅ ሲገባ አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው “የትኛው ባንክ ነው ጥሩ ወለድ የሚከፍለው?” ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተራው ግን ሦስተኛ ነው። ከእሱ በፊት ሁለት አሉ፦ በየወሩ ስንት ይጎድለኛል? ጉድለቱስ በየዓመቱ በስንት ያድጋል? ሁለቱ ሳይመለሱ የተመረጠ ወለድ ምንም ያህል ቢያምር ለምን እንደተመረጠ አይታወቅም።

ከዚህ በታች ያለው ስሌት አንድ ምሳሌ ይዞ ይሄዳል፦ ማራኪ አካባቢ በራሳቸው ቤት የሚኖሩ ባልና ሚስት፣ 1,000,000 ብር ቁጠባ፣ የወር ወጪ 14,000 ብር። የወለዱና የኪራዩ ቁጥሮች ለማስያ ብቻ የተቀመጡ ናቸው። እርስዎ በደብተርዎ ላይ የራስዎን ይተኩ።

ደረጃ 1፦ ጉድለቱን ያውጡ

የሦስት ወር ወጪ በየቀኑ ይጻፉ፤ በግምት የተሞላ ደብተር ሁልጊዜ አሳንሶ ያሳያል። ጤፉና ዘይቱ፣ መብራቱና መድኃኒቱ አይረሱም። የሚረሱት በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ የሚመጡት ናቸው፦ የእድርና የማኅበር መዋጮ፣ ለልቅሶና ለሰርግ የሚወጣው፣ ጥምቀት ላይ ከሩቅ ለሚመጣ እንግዳ የሚታረደው፣ ክረምት ሳይገባ የሚቀየረው ቆርቆሮ፣ መስከረም ላይ ለልጅ ልጅ የሚገዛው ደብተርና ዩኒፎርም። እነዚህን በሙሉ ደምረው ለ12 ያካፍሉና የወሩ ወጪ ላይ ይጨምሩ። ምሳሌው ላይ 14,000 ብር የተባለው ይህ ሁሉ ገብቶበት ነው።

ቀጥሎ ቋሚ ገቢውን ያስቀምጡ። በመንግሥትም ሆነ በግል ድርጅት የጡረታ አዋጅ (1267/2014 እና 1268/2014) መሠረት 10 ዓመት አገልግለው በ60 ዓመት የሚወጡ ሲቪል ሠራተኛ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ያገኛሉ። ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። አማካይ ደመወዝ 12,000 ብር፣ አገልግሎት 30 ዓመት ቢሆን፦ 30 ሲደመር 25፣ 55 በመቶ፣ ማለትም በወር 6,600 ብር።

ጉድለቱ እንግዲህ 14,000 ሲቀነስ 6,600፣ በወር 7,400 ብር፣ በዓመት 88,800 ብር ነው።

እዚሁ ላይ ሁለተኛ መስመር ይጻፉ፦ ባለ ጡረታው ቢሞት በሕይወት ያለው የትዳር ጓደኛ የሚያገኘው የጡረታውን 50 በመቶ ነው። 6,600 ወደ 3,300 ይወርዳል፤ የቤት ወጪው ግን በግማሽ አይወርድም። መብራቱም፣ እድሩም፣ የቤት ግብሩም ያው ናቸው። ይህን መስመር ብዙ ሰው ሊጽፈው አይወድም። ሆኖም ገንዘቡን በሙሉ በአንድ ስም፣ በረጅም ጊዜ ውል መቆለፍ ለምን አደገኛ እንደሆነ የሚያሳየው እሱ ነው።

ደረጃ 2፦ ጉድለቱ ከዋጋ ንረቱ በላይ እንደሚሮጥ ይወቁ

ዋጋ በዓመት 12 በመቶ ቢጨምር ጉድለቱም 12 በመቶ የሚጨምር ይመስላል። አይደለም። የዓመቱ ወጪ 168,000 ብር ነበር፤ 12 በመቶ ሲጨመርበት 188,160 ይሆናል። ጡረታው ባለበት 79,200 ላይ ቆሟል። አዲሱ ጉድለት 108,960 ብር ነው። ከ88,800 ወደ 108,960 ማለት የ22.7 በመቶ ዕድገት ነው። ወጪው ሲንቀሳቀስ ጡረታው ስለማይንቀሳቀስ ልዩነቱ በሙሉ ቁጠባው ላይ ያርፋል። ጡረታ በየጊዜው ማስተካከያ ይደረግበታል፤ መቼና በስንት እንደሚሆን ግን እርስዎ አይወስኑትም፤ ስለዚህ ሲመጣ ይቀበሉት፣ እቅድ ውስጥ ግን አያስገቡት።

በቶሎ ለማስላት 72ን ለዋጋ ጭማሪው መቶኛ ያካፍሉ። 12 ከሆነ መልሱ 6 ነው፤ በስድስት ዓመት ዋጋ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። 12 የተጋነነ የሚመስለው ሰው ካለ፣ በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ አልፎ እንደነበር ያስታውስ።

ደረጃ 3፦ ገንዘቡ ስንት ዓመት ይራመዳል?

ወለዱ ከዋጋ ንረቱ ጋር እኩል ከሄደ ገንዘቡ አላደገም፤ ባለበት ነው ያለው። ያኔ በየዓመቱ ማውጣት የሚቻለው ቀሪውን ገንዘብ ለቀሪው ዓመት አካፍሎ ነው። ለ20 ዓመት እንዲበቃ ከተፈለገ 1,000,000 ለ20፣ በዛሬ ዋጋ 50,000 ብር በዓመት። የእኛ ምሳሌ የሚፈልገው 88,800 ነው። በዚህ አካሄድ ገንዘቡ 11 ዓመት ገደማ ይሄዳል፤ ጡረታው በዋጋ ንረት እየሟሸሸ ሲሄድ ደግሞ ከዚያም ያጥራል።

ይህን ቁጥር ያየ ሰው ሁለት መንገድ አለው፦ ወጪ መቀነስ፣ ወይም ከገንዘቡ ከፊሉን ከዋጋ ጋር አብሮ ወደሚያድግ ነገር ማዛወር። “ሁሉንም ባንክ አስቀምጬ ወለዱን እበላለሁ” የሚለው ሐሳብ በመጀመሪያው ዓመት ይሠራል፤ በሁለተኛው መንገዳገድ ይጀምራል።

ደረጃ 4፦ ገንዘቡን እንደ አገልግሎቱ ይከፋፍሉ

*የእጅ ገንዘብ፦ 150,000 ብር፣ በተራ ቁጠባ።* የስድስት ወር ወጪ 84,000 ነው፤ ቀሪው 66,000 ለሕመምና ላልታሰበ። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አድርጎታል፤ በዚህ ሲሰላ 10,500 ብር በዓመት ይገኛል። ትንሽ ነው። የዚህ ገንዘብ ሥራ ግን ወለድ ማምጣት ሳይሆን ሌላው ገንዘብ ያለ ጊዜው እንዳይነካ መጠበቅ ነው። ይህን ክፍል ዘልለው ሁሉንም በጊዜ ገደብ የሚያስቀምጡ ሰዎች ሆስፒታል ሲገቡ ውል ያፈርሳሉ፤ ወለዱም አብሮ ይሄዳል።

*መሰላል፦ 500,000 ብር፣ በጊዜ ገደብ ተቀማጭ።* በአንድ ውል አያስቀምጡት። 125,000 ብር እያደረጉ ለአራት ይክፈሉት። ጥቅምት 1 ቢጀምሩ የመጀመሪያው ለ3 ወር፣ ሁለተኛው ለ6፣ ሦስተኛው ለ9፣ አራተኛው ለ12 ወር ይሁን። እያንዳንዱ ሲደርስ ለአንድ ዓመት ያድሱት። ከዚያ በኋላ በየሦስት ወሩ አንድ ውል ይደርሳል፦ ጥር 1፣ ሚያዝያ 1፣ ሐምሌ 1፣ ጥቅምት 1። የጥር ወሩ ውል ከጥምቀት አሥር ቀን ቀድሞ ይገባል። አዲሱ እህልም የሚወርደው በዚያው ሰሞን ስለሆነ የዓመት ጤፍ በአንድ ጊዜ ለመሸመት ይመቻል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በኪሎ ከሚሸምት ሰው ጋር ሲነጻጸር ይህ ልዩነት ራሱ ወለድ ነው፤ ያውም ግብር የማይቆረጥበት። ነቀዝ እንዳይገባው ደረቅ ቦታ ከመሬት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ግን የእርስዎ ድርሻ ነው። የሚያዝያው ለፋሲካ፣ የሐምሌው ለክረምትና ለትምህርት ቤት ምዝገባ ይደርሳል።

ውሉ 12 በመቶ ቢከፍል 500,000 ብር በዓመት 60,000 ያመጣል።

*የግምጃ ቤት ሰነድ፦ 150,000 ብር።* ብሔራዊ ባንክ በመንግሥት ስም በጨረታ የሚሸጠው የአጭር ጊዜ የብድር ሰነድ ነው፤ የ28፣ የ91፣ የ182 እና የ364 ቀን አለው። ወለድ በየወሩ አይከፍልም፤ በቅናሽ ይገዛና በሙሉ ዋጋው ይመለሳል። 87,700 ብር ከፍለው ከ364 ቀን በኋላ 100,000 ቢቀበሉ ትርፉ 12,300፣ ማለትም 14 በመቶ ነው፤ በዚህ መጠን 150,000 ብር በዓመት 21,000 ያመጣል። የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ 12,300ን ለ100,000 አካፍለው “12.3 በመቶ ነው” ይላሉ፤ መካፈል ያለበት በእጅዎ ላወጡት 87,700 ነው። ባንክዎ በስምዎ ጨረታ ያስገባ እንደሆነ፣ ዝቅተኛው መጠን ስንት እንደሆነና የአገልግሎት ክፍያውን ይጠይቁ። ጨረታው ካልሰመረ ገንዘቡ እስከሚቀጥለው ድረስ ሥራ ይፈታል፤ ይህም ይታሰብ።

*ከዋጋ ጋር የሚያድግ፦ 200,000 ብር።* ይህ ሰፊ ማብራሪያ ስለሚፈልግ በደረጃ 6 ለብቻው ይመጣል።

ደረጃ 5፦ የጊዜ ገደብ ውል ከመፈረምዎ በፊት

ወለዱ በድርድር ነው። ሦስት ባንክ ገብተው ዋጋ ይጠይቁ። ፒያሳ ላይ ቅርንጫፎቹ ጎን ለጎን ስለሆኑ በአንድ ጠዋት ይጨርሱታል። የሚከተሉትን ጠይቀው መልሱን እዚያው ይጻፉ፦

ወለዱ የሚከፈለው በየወሩ ነው፣ በየሩብ ዓመቱ ወይስ በመጨረሻ? በመጨረሻ የሚከፈል 12.5 በመቶ በየወሩ ከሚከፈል 12 በመቶ ለወር ወጪ ላሰበ ሰው ላይሻል ይችላል።

ከጊዜው በፊት ቢያፈርሱ ምን ይቀርብዎታል? አንዳንዱ ውል ወደ ተራ ቁጠባ ወለድ ያወርዳል፤ አንዳንዱ ምንም አይከፍልም። “ችግር የለውም፣ እናስተካክላለን” የሚል የቃል መልስ ዋጋ የለውም፤ ውሉ ላይ ያለውን አንቀጽ ያሳዩኝ ይበሉ።

ሲደርስ በራሱ ይታደሳል? በስንት ወለድ? ይህ ጸጥ ያለ ወጥመድ ነው። ያኔ የተደራደሩት 13 በመቶ ሆኖ፣ በራሱ ሲታደስ ግን በዕለቱ መደበኛ ወለድ ሊሆን ይችላል፤ ልብ የሚሉት ከዓመት በኋላ ነው። ውሉ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ቅርንጫፉ ይሂዱ።

ከወለዱ ላይ ምን ያህል ግብር ይቀነሳል? የሚያወዳድሩት ከግብር በኋላ የሚቀረውን ነው።

ሌላው የመድን ጉዳይ ነው። ባንኩ ቢከስር የኢትዮጵያ ተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ የሚሸፍነው በአንድ ባንክ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ነው። 500,000 ብር በአንድ ባንክ ካስቀመጡ 400,000ው ከሽፋኑ ውጭ ነው። በሌላ በኩል ገንዘቡን ሲበትኑ የመደራደር አቅምዎ ይቀንሳል። የእኛ ምክር መሰላሉን ቢያንስ በሁለት ባንክ መክፈል ነው፤ ከሦስት በላይ ግን የወረቀቱ ብዛት ሰው ያስታል።

ደረጃ 6፦ ከዋጋ ጋር የሚያድገው ክፍል

የራስ ቤትና ግቢ ላለው የጎንደር ሰው ቀዳሚው አማራጭ ሰርቪስ ክፍል ነው። ኪራይ ከዋጋ ጋር ይጨምራል፤ በየወሩ ይገባል፤ ንብረቱም ዓይን ሥር ነው። በማራኪና በአዘዞ አካባቢ መምህሩ፣ የሆስፒታል ሠራተኛው፣ አዲስ ተቀጣሪው ክፍል ይፈልጋል።

ስሌቱ እንዲህ ይሠራል። ሁለት ክፍል ለማደስና ለብቻ በር ለማውጣት 200,000 ብር ወጣ እንበል። አንዱ ክፍል 2,500፣ ሁለቱ 5,000 ብር በወር። በ12 አያባዙ፤ በ11 ያባዙ፣ አንድ ወር ባዶ ይቀመጣልና። 55,000 ብር። ለቀለም፣ ለቁልፍ፣ ሽንት ቤት ለማስመጠጥ 8,000 ይቀነስ። ከኪራይ ገቢ ግብር በፊት 47,000 ብር ይቀራል። 200,000 ለ47,000 ሲካፈል ገንዘቡ በ4 ዓመት ከሦስት ወር ገደማ ይመለሳል። ግንባታው 300,000 ከወሰደ ግን 6 ዓመት ከአምስት ወር ይሆናል። ግንባታ ሁልጊዜ ከታሰበው በላይ ነው የሚወስደው፤ ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከግምቱ ላይ አንድ አራተኛ ለብቻ ያስቀምጡ። ያ ከሌለ አንዱን ክፍል ጨርሰው ያከራዩና ሁለተኛውን በኪራዩ ያስቀጥሉ። ጣሪያ ሳይለብስ ቆሞ የቀረ ክፍል ክረምቱ ይበላዋል።

በዚህ ከተማ ተከራይ ከበር በፊት የሚያየው ሮቶውን ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ የሌለው ክፍል ቶሎ ይለቀቃል፤ የአንድ ወር ባዶ ኪራይ ከሮቶው ማቆሚያ ወጪ ጋር ያነጻጽሩት። የመብራት ቆጣሪውም ከተቻለ ለየብቻ ይሁን። አንድ ቆጣሪ ላይ ሦስት ቤት ሲኖር በየወሩ የሚነሳው ጭቅጭቅ እንጀራ በሚጋገርበት ምጣድ ይጀምራል፣ በመልቀቂያ ይጨርሳል።

ግንባታውን ከመጀመርዎ በፊት ከክፍለ ከተማው ፈቃድ ያውጡ፤ ያለ ፈቃድ የተሠራ ክፍል የፈሰሰበትን ገንዘብ ይዞ ይፈርሳል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ 1320/2016 ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ጭማሪም እንደፈለጉ የሚደረግ አይደለም። አፈጻጸሙን ክፍለ ከተማው ላይ ጠይቀው ኪራዩን ከመጀመሪያው በደንብ አስበው ይተምኑ። ርካሽ ጀምሮ በስድስተኛው ወር ማስወደድ በዚህ ሕግ አይሠራም።

ግቢ ለሌለው ሌላው መንገድ አክሲዮን ነው። አክሲዮን ለጡረተኛ ሁለት ችግር አለው። አንደኛ፣ የትርፍ ድርሻ የሚመጣው በዓመት አንዴ ነው። ባንኮች ዓመታቸውን ሰኔ 30 ዘግተው ጠቅላላ ጉባኤ የሚጠሩት ከወራት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ በዓመቱ አጋማሽ የገዙት አክሲዮንም የሚያገኘው በቀኑ ልክ ነው። ሁለተኛው ይብሳል። ብሔራዊ ባንክ የንግድ ባንኮች የተከፈለ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር እንዲደርስ እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. ቀነ ገደብ አስቀምጦ ስለነበር፣ ትርፉ በጥሬ ብር ሳይሆን በተጨማሪ አክሲዮን ይከፈል የሚል ውሳኔ በጉባኤ ላይ የተለመደ ሆነ። ለ35 ዓመት ሰው ጥሩ ነው። ለጤፍ መግዣ ለሚጠብቅ ሰው ግን ወረቀት ነው። ከመግዛትዎ በፊት ያለፉትን ሦስት ዓመታት ሪፖርት ያንብቡና በጥሬ ብር ስንት እንደተከፈለ ብቻ ነጥለው ይጻፉ።

መሸጡ ደግሞ ለዓመታት ፈተና ነበር፤ ገዢ ፈልጎ፣ ዋጋ ተከራክሮ፣ ስም አዛውሮ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ በገበያው የተመዘገበ አክሲዮን በተፈቀደለት ደላላ በኩል ይሸጣል። ያልተመዘገበው ግን እንደድሮው ነው። “በምሥረታ ላይ ያለ” አክሲዮን ማኅበር ለጡረታ ገንዘብ አይሆንም፤ ሻጩ የቅርብ ዘመድ ቢሆንም። ሕዝብ እንዲገዛ የቀረበ አክሲዮን ሁሉ በኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን የጸደቀ የደንበኛ ሳቢ መግለጫ (ስለ ኩባንያውና ስለ አክሲዮኑ የሚያስረዳ ሰነድ) ሊኖረው ይገባል፤ እሱን ይጠይቁ።

የማይመከሩት

ባጃጅ ገዝቶ ለሹፌር መስጠት በጡረተኞች ዘንድ የተወደደ ነው፤ ዕለታዊ ገቢው ያጓጓል። የሚረሳው ዕቃው እያረጀ መሆኑ ነው። በ500,000 የተገዛ ባጃጅ ከአራት ዓመት በኋላ 260,000 ቢያወጣ በየወሩ 5,000 ብር በዝምታ ጠፍቷል። ይህን ከዕለት ገቢው ሳይቀንስ ትርፍ የሚቆጥር ሰው ካፒታሉን እየበላ ነው። መንገድ ሲዘጋና መለዋወጫ ሲወደድ ደግሞ ሌላ ነው።

ለሰሊጥ ወይም ለከብት ነጋዴ በቃል ማበደርም እንዲሁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ካልሆነ በሰው ምስክር አይረጋገጥም፤ በአንቀጽ 2479 መሠረት ደግሞ ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ ሊበልጥ አይችልም። “በወር አምስት በመቶ” የሚል ውል በዓመት 60 ነው፤ ያ አራጣ ነው፤ ተበዳሪው ቢክድ ፍርድ ቤት ሄደው የሚከራከሩበት አፍ አይኖርዎትም።

ወርቅ ዋጋ ይይዝ ይሆናል፣ ወር ላይ ግን አይከፍልም፤ የእጅ ሥራውም ሲሸጥ አይመለስም። ከመንገድ ዶላር መግዛት ሕገወጥ ነው።

ደረጃ 7፦ ሲደመር

የእጅ ገንዘቡ 10,500፣ መሰላሉ 60,000፣ ሰነዱ 21,000፣ ኪራዩ 47,000፦ ግብር ሳይቀነስ 138,500 ብር። የመጀመሪያው ዓመት ጉድለት 88,800 ነበር። ልዩነቱ ወደ 50,000 ይጠጋል። ይህ ትርፍ አይደለም፤ የሁለተኛውና የሦስተኛው ዓመት ጉድለት ነው። ከግብር የተረፈውን ለመሰላሉ ይጨምሩት። ዋጋ በ12 በመቶ ከቀጠለ ሦስተኛው ዓመት ላይ ጉድለቱ 131,500 ገደማ፣ አራተኛው ላይ ከ156,000 በላይ ይሆናል፤ ኪራዩ ካልጨመረ ዋናው ገንዘብ መነካት የሚጀምረው ያኔ ነው። ያለ ኪራዩ ግን የሚነካው ገና በሁለተኛው ዓመት ነው።

ወረቀቱ

የጋራ ሒሳብ ሲከፍቱ “እና” ወይስ “ወይም” እንደሚሆን ይምረጡ። “እና” ከሆነ ሁለቱም ካልፈረሙ ገንዘብ አይወጣም፤ አንዱ ሲታመም ሌላው ባዶ እጁን ይቀራል። “ወይም” ከሆነ አንዱ ብቻውን ያወጣል። የእጅ ገንዘቡ በ“ወይም”፣ መሰላሉ በ“እና” ቢሆን ሁለቱንም ፍላጎት ያስታርቃል።

ለልጅ የሚሰጥ ውክልና በሕይወት እስካሉ ብቻ ነው የሚሠራው። ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል። ከቀብር በኋላ በውክልና የወጣ ገንዘብ ወንድማማቾችን ፍርድ ቤት ያቆማል፤ መንገዱ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጥቶ ባንክ መቅረብ ነው። ያ ጊዜ ስለሚወስድ፣ በሕይወት ለሚቀረው የትዳር ጓደኛ በራሱ ስም የሦስት ወር ወጪ፣ በምሳሌው 42,000 ብር፣ ከእጅ ገንዘቡ ተቀንሶ ለብቻው ይቀመጥ።

የውሎቹን ቅጂ፣ የሒሳብ ቁጥሮቹንና የሚደርሱበትን ቀን በአንድ ገጽ ጽፈው በአንድ ፖስታ ያስቀምጡ፤ ፖስታው የት እንዳለ ሁለት ሰው ይወቅ። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ፣ የሐምሌው ውል ሲደርስ፣ ደረጃ 1ን በአዲስ ዋጋ እንደገና ይሥሩ። ጉድለቱ ከገመቱት በላይ ካደገ ከአራቱ ውሎች አንዱን ሳያድሱ ወደ እጅ ገንዘቡ ያዛውሩ፤ ካነሰ ወለዱን ጨምረው ያድሱት።